ትርፍ የተባልን ሴቶችና ስድስተኛው ደወል

ይድረስ ለታላቅ እህቴ፣ ለእናቴ ልጅ ለአግነስ፤ ባለሽበት በዚያ ጫፉ በማይታይ የካናዳ ሜዳ።

እንደምን ሰንብተሻል እታለም? በረዶው ጀመራችሁ ወይስ ገና ነው? ያ በብርድ የሚነሳብሽ የጉልበትሽ ቁርጥማት እንዴት አደረገሽ? ባልሽ አምብሮዝስ፣ መጋዝ የያዘው አውራ ጣቱ ዳነለት? የሎቲ የፊት ጥርስ በቀለ? ሲድኒስ እግሩ ጠንክሮ መራመድ ጀመረ ወይስ አሁንም በቂጡ እየተንፏቀቀ ነው? አንድ በአንድ ጻፊልኝ፤ «ሁላችንም ደህና ነን» ብለሽ በአንድ መስመር አትሸኚኝ። እኔ እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነኝ። እናታችንም ደህና ናት። ሳሏ እንደ ልማዱ ከቅዝቃዜው ጋር መጥቷል፤ እሷ ግን «ሳል የሌላት አሮጊት የት አይተሽ ታውቂያለሽ?» እያለች ሐኪም ዘንድ አልሄድም ብላለች። ድመቷ አራት ወልዳ ሦስቱን ለሰው ሰጠን፤ አንዱ እናታችን ጉያ ውስጥ ገብቶ ቀረ።

ደብዳቤሽ የደረሰኝ በኦክቶበር መጨረሻ ነው። እስካሁን ያልመለስኩልሽ ሰንፌ አይደለም፤ ምን ብዬ እንደምመልስልሽ ስላላወቅሁ ነው። አሁን ግን አውቄያለሁ። የላክሽውን የጎረቤታችሁን የሚስተር ዱገልድ ማክፊን ፎቶግራፍ እናታችን መነጽሯን አድርጋ፣ ወደ መስኮቱ ይዛው ሄዳ ብዙ አየችው። «ፈረሱ ደህና ፈረስ ነው» አለች። ስለ ሰውየው ምንም አልተነፈሰችም። አንቺ እንደጻፍሽልኝ ሚስቱ የሞተችበት፣ የሦስት ልጆች አባት፣ የማይጠጣ፣ ጣሪያው የማያፈስ ቤት ያለው ሰው ነው። ይህን ሁሉ አምኜሻለሁ። ደብዳቤሽ ውስጥ ግን አንድ ነገር አለ፤ «እዚያ ትርፍ ሆነሽ ከምትቀመጪ መጥተሽ የሰው ቤት ሙዪ» የሚል። ከሥሩም ወደ ካናዳ የሚሄዱ ሴቶች የሚሞሉትን ፎርም አጥፈሽ፣ ስሜንና ዕድሜዬን በራስሽ እጅ ጽፈሽ ልከሽልኛል።

ክፉ አስበሽ እንዳልሆነ አውቃለሁ። ያቺ ቃል ግን እዚህ አገር ዘንድሮ ስንት ቤት እንደገባችና ስንት ሰው እንዳስለቀሰች ስለማታውቂ ነው እንጂ፣ ብታውቂ ኖሮ እጅሽ አይጽፋትም ነበር። ስለዚህ ቁጭ በዪና ልንገርሽ።

«ሰርፕለስ» የምትባለዋን ቃል ከዚያ በፊት በመጽሐፍ አይቻት ይሆናል፤ በእጄ የነካኋት ግን ሣጥን ላይ ነው። ጦርነቱ እንዳበቃ መንግሥት ለወታደሩ አሠርቶ ያልተጠቀመበትን ዕቃ ሁሉ በየገበያው አወጣው። ቦት ጫማ፣ ብርድ ልብስ፣ የቆርቆሮ ሳህን፣ የዝናብ ካፖርት። በየሣጥኑ ላይ በጥቁር ቀለም፣ በትልልቅ ፊደል ሰርፕለስ ተብሎ ተጽፏል። ሻጩን «ይሄ እንዴት ሳይለበስ ቀረ?» ስለው፣ «ትርፍ ነው እቴ፤ ከሚፈለገው በላይ የሆነ። የሚለብሰው እግር ቢመለስ ኖሮ እዚህ ምን ይሠራል?» አለኝ። ለፋብሪካው እርጥብ ወለል ይሆነኛል ብዬ አንድ ቦት ጫማ ገዛሁ። ቤት ገብቼ ባጠልቀው እግሬ ውስጡ ጠፋ። አልጋ ሥር ወርውሬው ረሳሁት።

ዘንድሮ በኦገስት ደግሞ የሕዝብ ቆጠራው ወጣና ጋዜጣው ሴቶች ከወንዶች ወደ ሁለት ሚሊዮን እንደሚበልጡ ጻፈ። ይበልጣሉ ብሎ ቢያቆም ምንም አልነበረም። ያችኑ የሣጥኗን ቃል አምጥቶ ከፊታችን ለጠፋት። «ትርፍ ሴቶች» አለን። ከዚያ ወዲያ የወደቀ ግንድ ምሳር ይበዛበታል እንደሚባለው ሆነ። አንዱ የወንዱን ሥራ ይዘው አልለቅም አሉ ብሎ ይጽፋል፣ ሌላው በመርከብ ጭነን ወንድ ወደበዛበት አገር እንላካቸው ይላል፣ ሦስተኛዋ ሴትዮ፣ የራሷ ባል ደህና ተመልሶላት፣ እጣችንን በጸጋ እንድንቀበል ትመክረናለች። ስለ እኛ ሁሉም ሰው ሐሳብ ነበረው።

እኛ ፋብሪካ ውስጥ መጀመሪያ ሳቅንበት። ከእኔ ቀጥሎ ያለውን የሽመና መኪና የምትሠራ ክላሪስ የምትባል ምላሰኛ ልጅ አለች። አንድ ጠዋት ጠመኔ ይዛ በሁላችንም ሽርጥ ጀርባ ላይ ቃሏን ጻፈችብን። የክፍሉ አለቃ መጥቶ «ምንድን ነው ይሄ?» ሲል «ትርፍ ነን ጌታዬ፤ ገበያ እስኪያወጡን ተደርድረን እየጠበቅን ነው። ቢቸኩሉ ይሻልዎታል፣ ደህና ደህናዎቹ ቀድመው ያልቃሉ» አለችው። እንባችን እስኪፈስ ሳቅን። ወደ ቤት ስሄድ ግን ድልድዩ ላይ ስደርስ ሳቁ ጥሎኝ ጠፋ።

ምን እንደታየኝ ልንገርሽ። እናታችን ለስድስት ሰው ሳህን ደርድራ አምስት ሰው ቢመጣ፣ «አንድ ሳህን ተረፈ» ብላ ታነሳዋለች? አታነሳም። «ማን ቀረ?» ብላ ነው የምትጠይቀው። በሩን ከፍታ መንገዱን ነው የምታየው። እነዚህ ሰዎች ግን ማን ቀረ ብለው ላለመጠየቅ ሳህኑን ትርፍ አሉት። የጎደለው ወንድ ነው እታለም። ሰባት መቶ ሺህ ወንድ ጎደለ ብሎ መጻፍ ስለሚከብድ እኛን በዛችሁ ብሎ መጻፍ ቀለላቸው። የቃሏ ትርጉም ይኸው ነው፤ ሌላ መዝገበ ቃላት አልፈልግም።

አሁን ወደ ደወሉ ልምጣ። አንቺ ደወል ቤት ወጥተሽ ስለማታውቂ ትንሽ ላስረዳሽ። የእኛ ቤተ ክርስቲያን ስድስት ደወል አላት። ስድስት ሰው ክብ ሠርቶ ይቆምና እያንዳንዱ አንድ ገመድ ይይዛል። አምስቱ ደወሎች በየዙሩ ቦታ እየተለዋወጡ፣ አንዱ ሌላውን እየቀደመ ይሄዳሉ። ስድስተኛው፣ ትልቁ፣ አምስት ኩንታል የሚመዝነው ደወል ግን ቦታ አይለውጥም፤ በየዙሩ ሁልጊዜ መጨረሻ ይመታል። ለማያውቅ ሰው ሥራ የሌለው ይመስላል። አምስቱ ያን ሁሉ ሲራወጡ እሱ ከኋላ ቆሞ አንድ ነገር ብቻ ይላል።

ያ ደወል የክሌመንት ነበር። አንቺ ስትሄጂ የዳቦ ጋጋሪዋ የሚስስ ሆልሮይድ ቀጫጫ ልጅ ነበር፤ አድጎ ምን ዓይነት ሰው እንደሆነ ሳታዪው ቀረሽ። ቀለበት ካደረገልኝ በኋላ፣ በ1916 ሊዘምት ሲል ደወል ቤት ወሰደኝና ገመዱን በእጄ አስያዘኝ። ከስድስቱ ደዋዮች አራቱ እየሄዱ ስለነበር የደዋዮቹ አለቃ ጋሽ ኢኖክ ሰግደን አራት ሴቶች እንዲማሩ ፈቅደው ነበር። እኔ ደወሉን ስታገል ክሌመንት እየሳቀ፣ «በጉልበት አትሞክሪው፤ ከአንቺ ይበልጣል። ራሱ ይመጣል፣ አንቺ ጊዜውን ብቻ ጠብቂለት» አለኝ። ከዚያ ደረጃውን ስንወርድ ድምፁን ዝቅ አድርጎ አንድ ነገር አደራ አለኝ። የጋሽ ኢኖክ ጆሮ ከሄደ ቆይቷል፤ አርባ ዓመት ደወል ሥር የቆመ ጆሮ ነው። ትንንሾቹን ደወሎች በደንብ አይሰሙም፣ የሚሄዱት የትልቁን ድምፅ ተከትለው ነው። «ሰው ካወቀባቸው ከደወል ቤት ያስወጧቸዋል፣ ከዚያ ደግሞ አንድ ዓመት አይቆዩም። ሆድ ይፍጀው» አለኝ። ሆዴ ሲፈጀው ኖሯል። ዛሬ ለአንቺ የምጽፈው ባሕር ማዶ ስላለሽ ብቻ ነው፤ ለአምብሮዝም ቢሆን አታንብቢለት።

ክሌመንት በ1917 ፍላንደርስ ጦር ሜዳ ላይ ቀረ። እኔ ደወሉን ደወልኩ። ያን ሁሉ ጊዜ፣ የሰላሙን ቀን ጭምር፣ ስድስተኛውን የደወልኩት እኔ ነኝ። ከዚያ ወንዶቹ ተመለሱ፤ ከጋሽ ኢኖክ ጋር አምስት ሆኑ። ጋሽ ኢኖክ እኛን ሴቶቹን ሻይ ጋበዙን፣ በየሳህናችን የዝንጅብል ኬክ ቆርሰው፣ «የአቅማችሁን ሠርታችኋል፣ እግዜር ይስጥልን፤ አሁን ባለቤቱ መጥቷል» ብለው አሰናበቱን። ሦስቱ ጓደኞቼ ቅር አላላቸውም፤ ሁለቱ አግብተዋል፣ አንዷ ወደ ሊድስ ሄዳለች። የእኔ፣ የስድስተኛው ደወል ባለቤት ግን አልመጣም። ገመዱን ጠቅልለው ሚስማር ላይ ሰቀሉት። ይኸው ሦስተኛ ዓመቱን ያዘ፤ በየእሁዱ አምስት ደወል ይደወላል፣ እኔም ታች ወንበሬ ላይ ተቀምጬ የስድስተኛውን ተራ በልቤ እቆጥራለሁ።

ዘንድሮ ለሞቱት ልጆች የድንጋይ ሐውልት ተሠራ። ሃያ ሦስት ስም ተቀርጾበታል። የሚመረቀው እሁድ ኖቬምበር 13 ነው ተባለና ቄሳችን ስድስቱም ደወል በሐዘን ድምፅ እንዲደወል ለመኑ። የሐዘን ድምፅ እንደዚህ ነው፤ ከደወሉ ምላስ በአንድ ወገን ቆዳ ይታሰርበታል፤ ደወሉ አንድ ጊዜ ጥርት ብሎ ይጮሃል፣ በመልሱ ግን ድምፁ ታፍኖ እንደ ገደል ማሚቶ ከሩቅ ይመጣል። ጋሽ ኢኖክ ከጎረቤት መንደር ስድስተኛ ሰው ሊበደሩ ሄዱ። እነዚያም የራሳቸው ሙት አላቸውና ሰው አንሰጥም አሏቸው።

ይህን ስሰማ ደስ ብሎኝ ወደ ደወል ቤት ወጣሁ። «ጋሽ ኢኖክ፣ ስድስተኛውን እኔ አለሁልዎት» አልኳቸው። አምስቱም ወንዶች እርስ በርሳቸው ተያዩ። ጋሽ ኢኖክ ኮፍያቸውን ከፍ አድርገው ጭንቅላታቸውን አከኩና፣ «ሄስተር ልጄ፣ አንቺ የጦርነት ጊዜ ነበርሽ። አሁን እኮ... ጋዜጣውም ብሎታል... ትርፍ ናችሁ» አሉ። አንጥረኛው ዋልተር በሳቅ ፈረሰ። ሽማግሌው ሊያስከፉኝ አልነበረም፤ ሌላ ቃል አጡ። ግን የአፍ ወለምታ በቅቤ አይታሽም። «ገመዱ ሚስማር ላይ ተሰቅሎ፣ የሚይዘው ሰው ከየመንደሩ እየለመኑ፣ እኔን ትርፍ ይሉኛል?» ብያቸው ወረድኩ።

ያንቺ ደብዳቤ የደረሰኝ በዚያው ሳምንት ነው።

ሳልደብቅሽ ልንገርሽ፤ ፎርሙን ሞላሁት። የእናቴን ስም፣ ሃይማኖቴን፣ ሥራዬን፣ ጤንነቴን ሁሉ ጻፍኩ። «አገርዎን ለቀው የሚሄዱበት ምክንያት» የሚለው መስመር ላይ ስደርስ ብዕሬ ቆመ። ባዶውን ትቼ ሰዓቱ ጀርባ አስቀመጥኩት። ሁለት ሳምንት ሙሉ ከሥራ ስገባ ያንን ወረቀት አያለሁ፣ አንድ ቃል ብቻ ይጎድለዋል፣ ቃሉንም አውቀዋለሁ። ብቸኝነት አይሰማኝም ብዬ አልዋሽሽም እታለም። እሁድ ከሰዓት በኋላ፣ ሁሉም ባሏን ይዛ ወንዙ ዳር ስትሄድ፣ እኔ ካልሲ እየጠገንኩ የሰዓቱን ድምፅ ስሰማ፣ ሚስተር ማክፊም ፈረሱም ደህና መስለው ታይተውኛል።

ቅዳሜ፣ ከምርቃቱ አንድ ቀን ቀደም ብሎ፣ አምስቱ ወንዶች ቆዳውን አስረው ሊሞክሩ ወጡ። እኔ የበራችንን ደረጃ በድንጋይ እየፈተግኩ ነበር። ሁለት ዙር ደህና ሄዱ። በሦስተኛው ተደነቃቀፉ፤ አንዱ ሌላው ላይ ወጣ፣ ሦስተኛው ጠፋ፣ ቆሙ። እንደገና ጀመሩ፣ እንደገና ወደቁ። ጎረቤታችን በመስኮት ብቅ ብላ «ምንድን ነው፣ ድስት ከነመደርደሪያው ወደቀ እንዴ?» አለች። ሰው ሁሉ ዋልተርን፣ መጠጥ ቤት አምሽቶ ነው እያለ ያማ ጀመር። እኔ ብቻ ነበርኩ የማውቀው። ሌላ ጊዜ እሁድ እሁድ ጋሽ ኢኖክ የሰዉን ገመድ በዓይናቸው እየተከተሉ፣ በቀረቻቸው ትንሽ ጆሮ እየሰሙ ይወጡታል። ቆዳ ሲታሰርበት ግን ያቺም ጠፋች። የሚሰሙት ደወል ደግሞ ሚስማር ላይ ተሰቅሏል።

የምፈትግበትን ድንጋይ ሳልጥል ሚስስ ሆልሮይድ መጣች። ክንዷ ላይ ያለው ዱቄት እንኳ አልተራገፈም። አራት ዓመት ሙሉ ስለ ልጇ ከእኔ ጋር አንድ ቀን ቆማ አላወራችም፤ አየት አድርጋኝ ዳቦውን ትሰጠኛለች፣ በቃ። ያን ቀን ግን ደጃችን ቆማ፣ «በልጄ ቀን የልጄ ደወል ዝም ይበል ነው የምትዪኝ?» አለች። እኔ ምንም አላልኳትም ነበር። ከዚያ እጇን ኪሷ ከትታ ቁልፍ አወጣች። ቤተ ክርስቲያኑን የምታጸዳው እሷ ናት። «ጠዋት ከሁሉ በፊት ክፍት ነው» ብላኝ ሄደች።

የስድስተኛው የቆዳ ማሰሪያ ግን የለም፤ በሦስት ዓመት ውስጥ አይጥ በልታዋለች። ቆዳ ፍለጋ ቤቱን ሳተራምስ አልጋ ሥር ያ ቦት ጫማ ተገኘ። ከሣጥኑ ወጥቶ አንድም ቀን መሬት ያልረገጠ ወፍራም ቆዳ። እናታችን «ዝም ባለ አፍ ዝንብ አይገባም» እያለች እንዳሳደገችን ታውቂያለሽ፤ ይህን ልትለኝ ነው ብዬ ጠበቅኋት። እሷ ግን መጥታ ጫማውን በሁለት እጇ ያዘችልኝ፣ እኔ በቢላዋ ቆረጥኩት። ስንጨርስ «ማሰሪያውን ድርብ አድርጊው፣ እዚያ ላይ ነፋስ አለ» አለችኝ።

እሁድ ጠዋት ጨርቄን ማቄን ሳልል ወጣሁ። መሰላሉን ይዤ ደወሎቹ መካከል ገብቼ የጫማውን ቆዳ ከትልቁ ደወል ምላስ ጋር አሰርኩት። ከዚያ ወርጄ ገመዱን ከሚስማሩ ላይ አወረድኩና ከሥሩ ያለው አግዳሚ ላይ ተቀመጥኩ። ወንዶቹ ሲገቡ ገመዱን ታቅፌ አገኙኝ። ዋልተር «ሄስተር፣ መንገድ ጠፋሽ እንዴ?» አለ። «አልጠፋኝም፤ ደረጃው አርባ አንድ ነው፣ ቆጥሬዋለሁ» አልኩት። ጋሽ ኢኖክ «ተነሺ ልጄ፣ ዛሬ የቀልድ ቀን አይደለም» አሉ። «አልነሳም። ሊያስወጡኝ ከፈለጉ ተሸክመው ያውርዱኝ፤ ደረጃው ጠባብ ነው፣ እኔም ቀላል አይደለሁም» አልኳቸው።

ከዚያ ተነሥቼ ወደ ሽማግሌው ሄድኩና ትንሽ በሚሻለው በግራ ጆሯቸው ቀስ ብዬ ተናገርኩ። «ክሌመንት ሲሄድ አንድ ነገር ነግሮኛል። ለማንም ነፍስ አልተነፈስኩም፤ ቢያስወጡኝም አልተነፍስም። እርስዎ ግን የሚሰሙት የትኛውን ደወል እንደሆነ ያውቃሉ። እሱን እደውልልዎታለሁ።» ፊታቸው ምን እንደመሰለ ልጽፍልሽ አልችልም። እኔን ሳይሆን ገመዱን አዩ። ኮፍያቸውን አውልቀው ሚስማሩ ላይ፣ ገመዱ ተሰቅሎበት በነበረው ሚስማር ላይ ሰቀሉት። ወደ ቦታቸው ሄደው «ቦታችሁን ያዙ» አሉ። ቀጥለውም «ስድስተኛ፣ ዝግጁ ነሽ?» አሉኝ።

ደወልን። ክሌመንት እንዳለው ታግዬ አልሳብኩትም፤ ጊዜውን ጠበቅሁለት፣ ራሱ መጣ። አምስቱ ከፊቴ እየተለዋወጡ ሄዱ፣ እኔ ከኋላ ዘጋሁላቸው። አንዴ ጥርት ብሎ፣ አንዴ ከሩቅ። ጋሽ ኢኖክ ዓይናቸውን ጨፍነው ነበር። ግማሽ ሰዓት ሙሉ አንድም ዙር አልተሰበረም። ከዚያ ገመዶቹን ይዘን ቆመን፣ ታች ስሞቹ ሲነበቡ በትንሿ መስኮት ሰማን። «ሆልሮይድ፣ ክሌመንት» ሲባል እንባዬ ወረደ፤ ሁለት እጄ ገመድ ይዞ ስለነበር አልጠረግሁትም። ዋልተር መሐረቡን አውጥቶ፣ ምንም ሳይቀልድ፣ ትከሻዬ ላይ ጣል አደረገልኝ።

ከዚያ ወደ ቅዳሴው ወረድን። ቄሳችን በስብከታቸው መጨረሻ ላይ «ለስድስቱ ወንዶች ደዋዮቻችን ምስጋና ይድረሳቸው» አሉ። ጋሽ ኢኖክ ጎናቸው ለተቀመጠው ለዋልተር በሹክሹክታ የሚናገሩ መስሏቸው፣ «አምስት ወንድና አንዲት ሴት በል!» አሉ። ጆሮው የሄደ ሰው ሹክሹክታ እንዴት እንደሆነ ታውቂያለሽ። የመጨረሻው ወንበር ድረስ ተሰማ። ቄሱ ደንግጠው ወረቀታቸውን አዩ፣ ከዚያ ቀና ብለው «አምስት ወንድና አንዲት ሴት» አሉ። ሚስስ ሆልሮይድ ከፊት ወንበር ዞራ አየችኝ።

ደጅ ላይ ጋሽ ኢኖክ አጠገቤ ደርሰው ቆሙ። ይቅርታ ይሉኛል ብዬ አልጠበቅሁም፤ አላሉምም። የዮርክሻየር ሽማግሌ ናቸው። «ልምምድ ረቡዕ ነው። ባለፈው ጊዜ ታረፍጂ ነበር» ብለውኝ ሄዱ። አርፍጄ አላውቅም። ረቡዕ ከሁሉም ቀድሜ ተገኘሁ።

ስለዚህ እታለም፣ አልመጣም። ያን ፎርም እሳት ውስጥ ጨመርኩት፤ እናታችን ማንቆርቆሪያውን ጣደችበት። የሚስተር ማክፊን ፎቶግራፍ መልሼልሻለሁ፤ ጥሩ ሚስት እንዲያገኝ ከልቤ እመኛለሁ፣ ግን የራሷ እግር ያመጣት እንድትሆን ነው የምመኝለት። አንድ ቀን ልመጣ እችላለሁ። ስመጣ ግን አንቺን ናፍቄ፣ ልጆችሽን ልስም እመጣለሁ እንጂ ከአንዱ አገር ተርፋ ወደ ሌላው እንደምትጫን ዕቃ አይደለም። ከእንግዲህ ያቺን ቃል በስሜ ላይ አትጻፊብኝ። ስለ ሌላዋም ሴት ቢሆን አትጻፊ። ጎረቤትሽ ያቺን ቃል ቢናገር «ማን ጎድሎ ነው?» በዪው።

አምብሮዝን አክብሬ ሰላም እላለሁ፤ ጣቱን ይጠብቅ። ሲድኒን ሁለቱንም ጉንጩን ሳሚልኝ። እናታችን የሹራብ ጓንት እየሠራችላችሁ ነው፣ ለገና ይደርሳል፤ «ልጄ ከእኔ በፊት እንዳታረጅ» ብላሻለች። ክላሪስም ሰላም ብላችኋለች፤ ፈረሱን አገባዋለሁ እያለች ነው። ሚስስ ሆልሮይድ አሁን እሁድ እሁድ ከሰዓት በኋላ ዳቦ ይዛ ትመጣለች፤ ተቀምጠን ስለ ልጇ እናወራለን። ሎቲን ደግሞ ለራት ሳህን መደርደር ስታስተምሪያት ከአክስትሽ ነው ብለሽ ይህን ንገሪልኝ፤ ሁሉም ተቀምጦ አንድ ሳህን ባዶ ቢቀር ቶሎ ብላ እንዳታነሳው። መጀመሪያ በሩን ከፍታ መንገዱን ትይ።

እህትሽ ሄስተር፣
ስድስተኛው ደወል

ሃግወርዝ፣ ዮርክሻየር
እሁድ ኖቬምበር 20 ቀን 1921